የወፍጮው ባለቤት ዱራሜም ላይ ይቅርታ ተደርጎለታል

ሰኔ 1978 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ ተገኘ
የከተማችን የሕዝብ አዳራሽ ኃላፊ
ሆሳዕና

የተከበሩ ጓድ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለመላው ቤተሰብዎ ጤንነትን፣ ለእርስዎ ደግሞ በተለይ ለጉሮሮዎ ደህንነትን እመኛለሁ። በዚያ ዝናባማ እሑድ ከፊልሙ የቀረውን ግማሽ በማይክሮፎን በቃልዎ ሲያሳዩን ድምፅዎ ወደ መጨረሻው እየሻከረ መሄዱን ሁላችንም በሐሳብ ተከታትለናል። ከዚያ ወዲህ በስብሰባ ላይ ሲናገሩ ስለሰማሁዎት ሙሉ በሙሉ እንደተሻለዎ ተረድቻለሁ፤ ደስታዬም እንደዚያው ነው።

በአዳራሹ በር ላይ ባለው የሂስ ሰሌዳ «ተመልካቾች በቅርቡ በአዳራሽም ሆነ በቤት ስላያችኋቸው ፊልሞች ገንቢ አስተያየታችሁን በጽሑፍ አቅርቡ» የሚል ማስታወቂያ በፊርማዎ ወጥቷል። «በቤት» የሚለው ቃል ለምን እንደገባ መጀመሪያ ላይ አልተገለጸልኝም ነበር። ጎረቤታችን አቶ ረሻድ መጥሪያ ሲደርሳቸው ግን ተገለጸልኝ። ስለዚህ አስተያየቴን እንደ መመሪያዎ በጽሑፍ አቅርቤያለሁ፤ የሚያልፍ የሚያገድም ሁሉ እንዲያነበውም ራስዎ በሰቀሉት ሰሌዳ ላይ ለጥፌዋለሁ።

ማንም አንባቢ ግራ እንዳይጋባ ጉዳዩን በአጭሩ ላስቀምጥ። በገበያው ማዶ ክርና ሳሙና የሚሸጡት አቶ ረሻድ በመጪው ማክሰኞ በቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ፊት ይቀርባሉ። ክሳቸው፣ ከመጥሪያው ላይ ቃል በቃል ስገለብጠው፣ «የፊልም መጨረሻ በመለወጥ ለበዝባዥ ይቅርታ ማስደረግ» ነው። ጥፋተኛ ከተባሉ ሱቃቸው ይታሸጋል፤ እሳቸው የት እንደሚያድሩ ደግሞ ማናችንም ለመገመት አንደፍርም። አስተያየቴ እንግዲህ የሚከተለው ነው።

1ኛ. ባለፈው ወር በአዳራሽዎ ስላየነው የትራክተር ፊልም ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። ከተዋንያኑ ሁሉ የላቀው ራሱ ትራክተሩ ነበር፤ አንድም ጊዜ ንግግር ሳያበዛ ሥራውን ሠርቶ ሄደ። ከቦኖሻ መጥተው ከፊት ወንበር ተቀምጠው የነበሩ ገበሬዎች መብራት ሲበራ ተነሥተው «ወደ እኛ የሚመጣው መቼ ነው?» ብለው ሲጠይቁ «በቅርቡ» ብለዋቸዋል። ጥያቄያቸው ስለ ትራክተሩ ሆኖ ሳለ እርስዎ የመለሱት ስለሚቀጥለው ፊልም እንደነበረ በኋላ ተረድተናል። ፊልሙም በተባለው ቀን መጥቷልና ቃልዎን ጠብቀዋል።

2ኛ. ያ የመጣው የህንድ ፊልም ነበር። እዚህ ላይ በሌላ አገር የሌለውን የአዳራሻችንን አሠራር ሳላወድስ ማለፍ አልችልም። አንድ ቅጂ ፊልም ለሁለት ከተማ በአንድ እሑድ እንዲዳረስ በቁጠባ መርህ ከሁለት ይከፈላል። የፊተኛው ግማሽ እዚህ ሆሳዕና ሲታይ፣ የኋለኛው ግማሽ በዚያው ሰዓት ዱራሜ ይታያል። በእረፍት ሰዓት ሁለት መኪናዎች ከሁለቱ ከተሞች ተነሥተው አንጋጫ ላይ ይገናኙና የፊልም ሳጥን ይለዋወጣሉ። በዚህ መሠረት እኛ ከልደት ወደ ሠርግ ስንሄድ፣ ዱራሜዎች ከሠርግ ወደ ልደት ይመጣሉ። ባለፈው ዓመት አንድ ዱራሜ የሚኖር ወዳጄ፣ ፊልሙ ሲጀመር የእንግዳ ቤት ባለቤት ሆኖ ያየው ሽማግሌ እየቆየ ሕፃን ሆኖ ሲመጣበት እግዚአብሔርን እንዳመሰገነ አጫውቶኛል። ቁጠባው ግን ቁጠባ ነው።

3ኛ. በዚያ እሑድ ዝናቡ አንጋጫን ጭቃ አደረጋት። ሁለቱም መኪናዎች ከወዲህና ከወዲያ ማዶ ሰጥመው ሳጥናቸውን እንደያዙ ቀሩ። ፕሮጀክተሩን የሚያንቀሳቅሰው ዳኘ ባዶ እጁን ወጥቶ ጆሮዎ ላይ አንድ ነገር ሲያንሾካሹክልዎ አይተናል። ሌላ ኃላፊ ቢሆን ይቅርታ ጠይቆ ያሰናብተን ነበር። እርስዎ ግን ማይክሮፎኑን አንሥተው ፊልሙን ቀጠሉ።

እስከዚያ ድረስ ያየነውን ላስታውስ። ባለጠጋ የወፍጮ ባለቤት አለ፤ ድሆችን ያስለቅሳል። በትልቅ ገበያ ግርግር ከወላጆቿ ጠፍታ አበባ ሻጭ ያሳደጋት ልጅ አለች፤ በወፍጮው ቤት ጆንያ ትሸከማለች። ከጆሮዋ ሥር ጠባሳ አለ። ካሜራው ያንን ጠባሳ ደጋግሞ እየተጠጋ አሳይቶናል፤ ባለ ወፍጮውም ባየው ቁጥር ደረቱን ይዟል። ከዚያ መብራት በራ።

እርስዎ በቃልዎ ያሳዩን መጨረሻ እንዲህ ነበር፦ ልጅቷ ወዝ አደሮቹን ሰበሰበች፤ ባለ ወፍጮው ተይዞ ግለ ሂስ አደረገ፤ ግለ ሂሱ በቂ ሆኖ ስላልተገኘ ተፈረደበት፤ ወፍጮው የኅብረት ሥራ ማኅበር ሆነ፤ ልጅቷም በሙሉ ድምፅ የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ሆና ተመረጠች። ከኋላ ወንበር አንዱ «ጠባሳውስ ጓድ?» ብሎ ሲጮህ ሳይደናገጡ «የጭቆና ምልክት ነው!» ብለው መልሰዋል። ሌላው «ዘፈኑስ?» ሲል ደግሞ ሁላችንንም አስነሥተው መዝሙር አስዘመሩን። ከህንድ ፊልም እጃችንን ወደ ላይ አንሥተን ስንወጣ ያ የመጀመሪያችን ነው። እውነቱን ለመናገር እኔ በግሌ ወድጄዋለሁ፤ ከዱራሜው ግማሽ ይልቅ ቶሎ ያልቃል።

4ኛ. አሁን ወደ «በቤት» እመጣለሁ። የአቶ ረሻድ የአጎት ልጅ አህመድ በዚያው ሳምንት ከመርካቶ ሲመጣ ያንኑ ፊልም በቪዲዮ ካሴት ይዞ መጣ። አቶ ረሻድ ቴሌቪዥናቸውን ወደ ሳሎኑ በር አዙረው ጎረቤቱን ጠሩ፤ ወንበር ያላገኘ በጆንያ ላይ፣ ጆንያ ያላገኘ በግቢው ቆሞ አየ። ትርጉሙን የሠራችው ወይዘሮ ጣቢታ ናት። የከተማችን ጸሎት ቤት ከመታሸጉ በፊት የእንግዳ ሰባኪ ስብከት ከአማርኛ ወደ ሀዲይኛ ስትመልስ የምናውቃት ስለሆነች፣ ሰው አንድ ዐረፍተ ነገር ሲናገር ጠብቆ በማስከተል የሚያህላት የለም። እርስዎና እርሷ የህንድን ቋንቋ ባለማወቅ እኩል ናችሁ። ልዩነቱ እርሷ ከመጀመሯ በፊት መናገሯ ነው፦ «ቋንቋውን አላውቀውም። አባት ልጁን ሲያገኝ ግን በሀዲይኛም የሚያለቅሰው እንዲሁ ነው።»

እንዳለችውም ሆነ። ጠባሳው ልጅቷ በሕፃንነቷ ከዚያው ወፍጮ ድንጋይ ላይ ወድቃ ያገኘችው ነው፤ ባለ ወፍጮው ወላጅ አባቷ ነው። ሲተዋወቁ ተቃቅፈው አለቀሱ፤ ልጅቷ ይቅር አለችው፤ እርሱም ወፍጮውን ለሠራተኞቹ ሰጥቶ ከነርሱ ጋር ዘፈነ። ወይዘሮ ጣቢታ በመሃል እርሷም ማልቀስ ስለጀመረች የመጨረሻውን ክፍል ማንም አልተረጎመውም፤ የጠየቀም አልነበረም። አስተያየት ስጡ ስለተባልን፣ ዘፈኑ ትንሽ ይረዝማል። ባለ ወፍጮውም ለዕድሜው በጣም ይዘላል።

በማግስቱ ከተማው ለሁለት ተከፈለ። በአዳራሹ ያዩት «ተፈርዶበታል» ይላሉ፤ በአቶ ረሻድ ቤት ያዩት «ይቅር ተብሏል» ይላሉ፤ ከፎንቆ ለገበያ የመጣ ሰው ሳይቀር በመሃል ገብቶ «ለመሆኑ ሰውየው የት ቀበሌ ነው?» እያለ ይጠይቅ ነበር። ክርክሩ እርስዎ ዘንድ ደረሰ። እርስዎም ከሁለቱ መጨረሻዎች አንዱ ሐሰት መሆኑን በትክክል ካመዛዘኑ በኋላ ሐሰተኛው የትኛው እንደሆነ ሳያመዛዝኑ የአብዮት ጥበቃ ጓዶችን ላኩ። ቴሌቪዥኑ፣ ቪዲዮውና ካሴቱ ተወሰዱ። አቶ ረሻድ በራፋቸው ላይ ቆመው የተናገሩትን ስለሰማሁ ለሸንጎው እንዲጠቅም እዚህ እጽፈዋለሁ፦ «ልጆቼ፣ እኔ የምሸጠው ክርና ሳሙና ነው። የህንድን ሰው በየት አግኝቼ ነው ልጅህን አትቀፍ የምለው?»

5ኛ. ይህ ቁጥር አስተያየት ሳይሆን ማስረጃ ነው። እውነተኛው የፊልሙ የኋለኛ ግማሽ በዚያ እሑድ የት እንደነበረ እናውቃለን፤ ዱራሜ ነበር። ስለዚህ እዚያ የሚያስተምረውን ወዳጄን መምህር ወልደኪዳንን በደብዳቤ ጠየቅሁት። የላከውን መልስ ሳልቀንስና ሳልጨምር አቀርባለሁ፦ «እኛ አንድ ሽማግሌና አንዲት ወጣት ተቃቅፈው ሲያለቅሱ አይተን አዳራሹ በሙሉ አብሮ አልቅሷል። እርሷም ይቅር ብላዋለች። ማን እንደሆኑና ምን እንዳደረጋት ግን እስካሁን የነገረን የለም። እባካችሁ የፊተኛውን ግማሽ ቶሎ ላኩልን፤ ሰው እየተጨነቀ ነው።»

የተከበሩ ጓድ፣ እንደሚያዩት የወፍጮው ባለቤት ዱራሜም ላይ ይቅርታ ተደርጎለታል። ይቅርታውም የተደረገለት በመንግሥት አዳራሽ፣ በመንግሥት ፕሮጀክተር፣ ኃላፊዎች ከፊት ወንበር ተቀምጠው ሲያለቅሱ ነው። አቶ ረሻድ በዚያ ቀን ሱቃቸው ውስጥ ሳሙና ሲቆርጡ የነበሩ ስለሆነ ዱራሜ ላይ መጨረሻውን ሊለውጡ የሚችሉበት መንገድ አልታየኝም፤ መንገዱማ ጭቃ ነበር። ስለዚህ ክሱ እንዲነሣ፣ ዕቃውም እንዲመለስ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። ክሱ የግድ መቀጠል አለበት ከተባለ ደግሞ ሸንጎው የዱራሜን ሕዝብ በሙሉ እንዲጠራ፣ ላለቀሱት ሁሉም መጥሪያ እንዲደርስ፣ መኪናውም በአንጋጫ በኩል እንዳይሄድ አሳስባለሁ።

ፊልምን ለማሳየት ፊልም እንደማያስፈልግ ላስተማሩን፣ ላልደረሰ ሳጥን ታማኝ ሆነው ለቆሙ፣ በሕዝብ አስተያየት ላይ ያለዎትንም እምነት በሰሌዳና በአብዮት ጥበቃ ለገለጹልን ለእርስዎ ያለኝ አክብሮት ወሰን የለውም። ከወንበርዎ ሳይነሡ፣ ከማይክሮፎንዎ ሳይለዩ ያኑርዎ እያልሁ፣ ማክሰኞ በሸንጎው በር እስክንገናኝ በአብዮታዊ ጨዋነት እሰናበታለሁ።

አክሊሉ ጠና
ከመካከለኛው ረድፍ፣ ከምሰሶው ኋላ

ማስታወሻ፦ የተወሰደው ዕቃ ለማስረጃነት ታሽጎ በአዳራሹ መጋዘን መቀመጡ ለአቶ ረሻድ ተነግሯቸዋል። ሐሙስ ማታ ግን ማስረጃው ከቤትዎ መስኮት ሲዘፍን በአጥር በኩል ያለፍን ሁሉ ሰምተናል። ምርመራ ከባድ ሥራ ነውና በዚህ አልተገረምንም። የገረመን፣ አባትና ልጅ ከሚተቃቀፉበት ላይ ሲደርስ ቆሞ፣ ወደ ኋላ ተመልሶ፣ እንደገና መተቃቀፋቸው ነው። የተከበሩት ባለቤትዎ ወይዘሮ ገነቴም በማግስቱ ገበያ ላይ ወይዘሮ ጣቢታን አግኝተው «አንቺ፣ ተገኘ እንዲህ ሆደ ቡቡ መሆኑን ስንት ዓመት አብሬው ኖሬ አላውቅም ነበር፤ ነጠላዬን በእንባው ነው የጨረሰው! ይቅር ባትለው ኖሮ ምን እሆን ነበር እያለ አድሯል» ብለው አጫውተዋታል። ለበዝባዥ ይቅርታ በማድረግ የሚጠየቁት ሰዎች እንግዲህ በአንድ ጨምረዋል። ማክሰኞ የሸንጎው አዳራሽ እንደሚሞላ ስለምናውቅ፣ ቆመው እንዳይቸገሩ፣ በተከሳሽ ወንበር ላይ ከአቶ ረሻድ አጠገብ ቦታ ይዘንልዎታል።