ጀርባህን ለእግሬ አትስጥ

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለቴክማን፣ ዶሃ።

ዳይ ቴክማን፣ ታላቄ፣ እንደምን ከርመሃል? እንቅልፉስ፣ ምግቡስ፣ የዚያ አገር ሙቀትስ እንዴት ይዞሃል? አብረውህ የሚያድሩት ልጆች ደህና ናቸው? ወገብህስ? የፊተኞቹን ለሰላምታ ያህል ነው የጠየቅሁህ፤ የመጨረሻውን ግን ከልቤ ነው፤ ደብዳቤውም የተጻፈው ስለ እሱ ነው። እኛ በሕይወት አለን። «ሁላችንም ደህና ነን» ብዬ ልጽፍ ስል ግን እጄ አልታዘዝ አለኝ።

በስልክ ለምን እንዳልነገርኩህ ታኮርፍ ይሆናል። ስደውል አባባ አጠገቤ ተኝተው ሁሉን ይሰማሉ። አንተም ብትሆን ገና «ሃሎ» ሳልል «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» ብለህ ቀልድህን ትጀምራለህ። ስለዚህ ለዕረፍት መጥቶ የነበረው ጎረቤታችን ሉማን ይህን በእጅህ ያደርስልኛል። አንብበህ እስክትጨርስ ከፊትህ እንዳይነሳም አስምዬዋለሁ።

በዳሳይን በዓል የላክኸውን የድምፅ መልእክት ቤተሰቡ ሁሉ ተሰብስቦ ነው የሰማው። «እምነበረድ ስሸከም ወገቤን ቀጭ አደረገኝ፤ እንግዲህ ጁኒ፣ እስክመጣ እግርሽን ስለሽ ጠብቂኝ» አልክ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ኮራሁ፤ አባባ ደግሞ ከእኔ ብሰው ኮሩ።

ከእናቴ ሆድ እግሬን አስቀድሜ በመውጣቴ፣ እንዲህ የተወለደ ሰው ርግጫ የወገብ ሕመም ያድናል ተብሎ፣ ስንት ዓመት እንደተከበርኩ አንተ ምስክሬ ነህ። ገና በስድስት ዓመቴ፣ ማክሰኞና ቅዳሜ ማለዳ፣ ወገቡን የያዘው ሁሉ ደጃፋችን ላይ ይሰለፍ ነበር። ጀርባቸውን ይሰጡኛል፣ በግራ እግሬ ሦስት ጊዜ እረግጣቸዋለሁ፣ ወደ ኋላ ሳያዩ ይሄዳሉ። ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይተው ድነው፣ እንቁላል ይዘው ለምስጋና ይመለሳሉ። ወረፋ አስከባሪው አንተ ነበርክ፤ እንቁላሉንም ከእኔ ይልቅ የምትበላው አንተ ነበርክ።

አባባን ወገባቸውን የያዛቸው በክረምቱ መካከል ነው፤ ለትምህርት ቤቱ ጣሪያ ቆርቆሮ ከወንዙ እስከ ላይ ተሸክመው በወጡ በሳምንቱ። ዕድሜ ልኩን ግንባሩ ላይ በሚያርፍ ጠፍር ቅርጫት አዝሎ ዳገት ለሚወጣ ሰው «ወገቤን አመመኝ» ማለት «ፀሐይ ወጣች» እንደ ማለት ነው፤ ማን ይደነግጣል? ረገጥኳቸው፤ «ተሻለኝ» አሉ። ዐሥር ቀን ሳይሞላ ተመለሰባቸው። እንደገና ረገጥኳቸው። የሸክም ሕመም ጋደም ሲሉለት ይተዋል፤ የእሳቸው ግን በተኙ ቁጥር ይብስ ጀመር። ጠዋት ጠዋት ፍራሻቸው በላብ ርሶ ፀሐይ ላይ እናሰጣው ነበር። መጀመሪያ የነቁት እማማ ናቸው። ድሮ አምስት ዙር የሚዞረው የአባባ መቀነት ሰባት ዙር ዞሮ ጫፉ ተንጠለጠለ።

የመንደሩ ጤና በጎ ፈቃደኛ ሱንታሊ የተሰጣውን ፍራሽ አይታ ገባች። «አባቴ፣ ይሄ የሸክም አይመስለኝም። ወገብ ላይ ተደብቆ የሚቀመጥ በሽታ አለ። ነገ ዛሬ ሳንል ወርደን ይመርመሩ» አለቻቸው። አባባም «ሐኪም ቤቱ ከነእግሩ ቤቴ ውስጥ ቁጭ ብሎ፣ የማንን ሐኪም ፍለጋ ነው የምወርደው?» ብለው አሳቁባት። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ይህን ስጽፍልህ ፊቴ በእፍረት ይቃጠላል።

ከዚያ የማግ በዓል ደረሰ። ዘመድ ሁሉ ግቢያችን ሞልቶ፣ ቦዬው ተቀቅሎ፣ ቅቤው ቀልጦ፣ አባባ ብድግ አሉና ኮታቸውን አወለቁ። የበሩን መቃን በሁለት እጃቸው ይዘው ጀርባቸውን ሰጡኝ። «ጁኒ፣ ዛሬ በዓል ነው፤ ያንን የጀመርሽውን ሥራ ጨርሽልኝ» አሉ። አጎታችን ካይላ አረቄውን እንደያዘ «እንደ በቅሎ ነው እንጂ! እስካሁንማ ዝንብ ስታባሪለት ነው የከረምሽው» አለ። ሰው አጨበጨበ።

በመጀመሪያው ርግጫ ከእግሬ ጣቶች ሥር አንድ ነገር ተሰማኝ። ከአከርካሪያቸው መካከል የጨበጥከው እጅ አንጓ የሚያህል ጉብታ ወጥቷል፤ በክረምቱ አልነበረም። በሁለተኛው የአባባ ጥፍሮች እንጨቱን ሲቧጥጡ አየሁ። ድምፅ ግን አላወጡም። ዳይ፣ ያን ጊዜ አወቅሁ። ምን እንደሆነ ባላውቅም፣ የእኔ እግር የሚደርስበት ነገር አለመሆኑን አወቅሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ያ ሁሉ ዓይን እያየኝ «አልችልም» ማለት አፈርኩና ሦስተኛውን ረገጥኩ። ለማንም ያልተናገርኩትን ነው የምነግርህ። ሦስተኛው ከሁለቱ የበረታ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት አባባ ወደ ቧንቧው ሲወርዱ የግራ እግራቸው ነጠላ ጫማ መንገድ ላይ ቀረ። አንስቼ ተከተልኳቸው። ውርጩን በባዶ እግራቸው እየረገጡ ይሄዳሉ፤ ጫማው መውለቁን አላወቁም። «አባባ፣ እግርዎ አይበርድዎትም?» ብላቸው ዝቅ ብለው የሌላ ሰው እግር እንደሚያይ ሰው አዩት። ከሰዓት በኋላ ጉልበታቸው ከዳቸው። ሽንታቸውም እምቢ አለ። ሱንታሊ የሽንቱን ነገር ስትሰማ ፊቷ ልውጥ አለ። «አሁንስ አንድ ቀን አናድርም» አለች።

ካይላ አጎት ሊያዝላቸው ቅርጫት ይዞ መጣ። ሱንታሊ «ጀርባቸው ከታጠፈ አለቀልን» ብላ ጮኸችበት። ስለዚህ በራችንን ከነማጠፊያው ነቅለው አባባን በላዩ አስተኟቸው። አርባ ዓመት የሰው ዕቃ በተሸከሙበት ጠፍር አሰሯቸው። እንደ በቅሎ ርገጪ ያለኝ ካይላ አጎት ቁልቁለቱን እስከ መኪናው ድረስ ከትከሻው አላወረዳቸውም። ቤታችን ያለ በር ቀረ፤ እማማ በብርድ ልብስ ጋርደውታል።

እዚህ ፖካራ ከተማ ሆስፒታል ያለችው ሐኪም ወጣት ሴት ናት። ፎቶውን ብርሃን ላይ አድርጋ አሳየችኝ። ቲቢ ነው፣ ዳይ። እኔ ቲቢ ሳል ብቻ ይመስለኝ ነበር። በደም ሄዶ ሁለት የአከርካሪ አጥንቶችን እንደ ምስጥ በልቶ፣ መግሉ ወደ እግር የሚወርደውን ነርቭ አንቆታል። በሦስተኛው ቀን ቀደው አወጡላቸው። መድኃኒቱ ግን ዓመት ሙሉ በየቀኑ ሳይቋረጥ የሚዋጥ ነው። የእግሬን ነገር አልሸሸግኋትም። እንዲህ አለችኝ፦ «ወገብ አመመኝ ከሚል ሰው አብዛኛው ከሸክም ወይም ከመቀጨት ነው፤ በጥቂት ሳምንት በራሱ ይለቀዋል። አንቺ ያዳንሽ የመሰለሽ እነዚያን ነው። አባትሽን ያሳመማቸው እግርሽ አይደለም፤ ወራት ያባከነባቸው ግን እሱ ነው። ያ የመጨረሻው ርግጫ ምን እንደጨመረ እኔም አላውቅም፤ ከእንግዲህ ግን የማንንም ጀርባ እንዳትነኪ።» እንግዲህ ያን ሁሉ እንቁላል በነፃ ነው የበላነው።

ይራመዳሉ ወይ ብላት «ስሜቱ ቶሎ ከተመለሰ ተስፋ አለ» አለችኝ። ስለዚህ ጠዋትና ማታ የእግራቸውን ጣቶች አንድ በአንድ እነካለሁ። አባባ ምን ያደርጋሉ መሰለህ? እጄ ገና በአየር ላይ ሳለ «ይሰማኛል» ይላሉ። አንድ ቀን ሳልነካቸው እጄን ብድግ ብቻ አደረግሁት፤ «አዎ፣ ተሰማኝ» አሉ። ወጥቼ መተላለፊያው ላይ አለቀስኩ።

ዳይ፣ አንተም በስልክ የምትለው «ደህና ነኝ» እንደዚህ ነው፤ ሳልነካህ የምትመልሰው። ያን የዳሳይን መልእክት እንደገና ከፍቼ ሰማሁት። ያን ጊዜ ሁላችንም ስንስቅ ያልሰማነው፣ ከሳቅህ ጫፍ ላይ ሳል አለ። ባለፈው ፈቃድህ ሁለት ወር ሙሉ ከአባባ ጋር አንድ ክፍል አድረሃል። ከእምነበረዱ ከሆነ እሰየው፤ ያልፋል። ግን ስታርፍ ይሻልሃል ወይስ ይብስሃል? ቀበቶህ ስንተኛው ቀዳዳ ላይ ነው? አልጋህ በላብ ይርሳል? እግርህ ይደነዝዛል? እህት ለወንድሟ የማትጽፈውንም ልጻፈው፤ በቅሎ ስትቀመጥ ኮርቻ የሚነካህ ቦታ ይሰማሃል? ሽንትህስ? ከነዚህ ከመጨረሻዎቹ አንዱ ካለ ያቺን ቀን እንዳታሳድራት፤ አለቃህ ቢቆጣ ይቆጣ። ሌላውም ቢሆን ሳልህን ጨምረህ በዚህ ሳምንት ተመርመር። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም። በቤታችን ይህን ያየነው በዓይናችን ነው።

ስትመጣም ጀርባህን እንዳታዞርልኝ። ፊትህን ይዘህ ና።

እማማ ጉንጭህን ይስማሉ፤ በሩን ራስህ መጥተህ ትተክለዋለህ ብለዋል። ባለቤትህ ራትና ሰላም ብላሃለች፤ እሷም ልጅህ ሪትማም፣ እኔና እማማም ሳንባችን ታይቶ ንጹሕ ሆኗል፤ የቀረኸው አንተ ብቻ ነህ። ሪትማ የመጀመሪያ ጥርሷ ወልቋል፤ ለአባቴ ላኩልኝ ብላ ስላስቸገረች በዚህ ወረቀት ጠቅልዬዋለሁ፤ እንዳትጥለው። ካይላ አጎት አረቄውን ትቷል፤ እስከ መቼ እንደሆነ እሱ ያውቃል።

አባባ «ደህና ነኝ በይው» አሉኝ። እምቢ ብዬ ዛሬ ጠዋት ዓይናቸውን በሻሼ አሰርኩና ነካኋቸው። ግራውን ብነካው ብነካው ዝም። ከዚያ ቀኙን ስይዝ ቀስ ብለው «አውራ ጣቴን... መሰለኝ» አሉ። አውራ ጣታቸው ነበር። ግራው ገና ነው። ይህንኑ ጻፊለት አሉኝ፤ አንተም እንዲሁ እውነቱን እንድትጽፍላቸው።

እህትህ ጁንማያ
ፖካራ፣ ማግ ወር በገባ በዐሥራ ስድስተኛው ቀን