ጣሪያ ላይ ስለወጡት የጭጋግ መብራቶቻችን

ለተከበሩ የፋብሪካችን የትራንስፖርት ክፍል ኃላፊ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? የዓይንዎ ብርሃንስ? እኛ በእርስዎ መልካም አመራር ከዓይናችን በስተቀር ደህና ነን። እኔ የስፌት ክፍል ሠራተኛ ስሆን፣ ወደ ፋብሪካው በሚወርደው በዚያ ጭጋጋማ ቁልቁለት ሠራተኛውን የምታመላልሰው የሰርቪስ አውቶቡስ ሹፌር ባል ነኝ።

በቅድሚያ ሁለቱ የጭጋግ መብራቶች ከአውቶቡሱ የፊት መከላከያ፣ ከፓራውልቱ ሥር ተነቅለው ጣሪያው ላይ፣ ከፋብሪካው ስም ግራና ቀኝ እንዲሰቀሉ ስላዘዙልን ከልብ እናመሰግናለን። ታች ሳሉ ጭቃ እየነካቸው ለጎብኚ ዓይን እንደማይመቹ አይካድም፤ ጥፋታቸው ከጭጋጉ ሥር ገብተው የመንገዱን ዳር ማሳየታቸው ብቻ ነበር። ለአፍ ዳገት የለውም እንዲሉ፣ ለትእዛዝም ጭጋግ የለውም። አሁን፣ እሰየው፣ ስማችን ከሩቅ ያበራል።

አንደኛ፣ መብራቶቹ ሲበሩ ብርሃኑ ጭጋጉ ላይ አርፎ ወደ ባለቤቴ ዓይን ስለሚመለስ፣ ከመስታወቱ ፊት ነጭ ግድግዳ እንጂ መንገድ አይታያትም። አቤት ብንልዎ አምፖሉ በቢጫ እንዲለወጥ ፈቅደውልናል፤ እግዜር ይስጥልን፣ ግድግዳው ቢጫ ሆኗል።

ሁለተኛ፣ ገደሉ አጠገብ ስንደርስ እኔ እወርድና የእጅ ባትሪ ከጉልበቴ ዝቅ አድርጌ መሬቱን እያበራሁ ከአውቶቡሱ ፊት ፊት እሄዳለሁ፤ እሷም የባሏን ተረከዝ እያየች ትነዳለች። ባለፈው ማክሰኞ ድንጋይ አደናቀፈኝና ወደቅሁ፤ ባትሪው ጠፋ፤ አውቶቡሱ ጀርባዬን ነክቶ ቆመ። ከዚያ ወዲህ ባለቤቴ አንድ ቀን ባሌን በገዛ እጄ እጨፈልቀዋለሁ እያለች እህል አልቀምስ ብላለች። የተከበሩ ሆይ፣ ጨንቆኛል። ጠዋት ስንወጣ ልጆቻችንን የምስመው እንደ መጨረሻ ነው።

ስለዚህ መብራቶቹ ወደ ቦታቸው ይውረዱልን ብዬ እግርዎ ላይ እወድቃለሁ። ይህ ክብርዎን የሚነካ ከሆነ ግን፣ እኔ በትክክለኛው ከፍታ ላይ የተገጠምኩ ስለሆንኩ ከመለዋወጫ ዕቃዎች ጋር ይመዝግቡኝ፤ ስሰበር ለባለቤቴ ምትክ እንዲገዛላት።

ስማችንን ከፍ፣ እኛን ዝቅ አድርገው ለሚያስተዳድሩን ለእርስዎ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሳለሁ፤ ጎንበስ ማለቱንስ ለምጄዋለሁ።

የሹፌሯ ባል፣ የአውቶቡሱም የታችኛው መብራት

ሳልጠቅሰው እንዳላልፍ፦ የእርስዎ መኪና ጠዋት ጠዋት የእኛን የኋላ ቀይ መብራት ተከትላ እንደምትወርድ ሹፌርዎ አጫውቶናል። እንግዲህ እርስዎ አውቶቡሱን፣ አውቶቡሱም ተረከዜን ተከትላችሁ ስለምትወርዱ፣ አደራዎን፣ ለእግሬ ይጸልዩልኝ።