ቀይ መቀነት ያሰሩ ዛፎች

ሰኞ

ባኞ ቤት ቀይ ቀለም በጣሳ ተደርድሯል። እግሬን ልታጠብ ገብቼ አንዱ አደናቀፈኝ። የልጅ ልጄ ሜሮን ከነጓደኞቿ ሳሎኑን ከያዘችው ሰንብታለች፤ ይቺ በስደት ያለንባት የኪሊማኒ ሰፈር አፓርታማ ቤት መሆኗ ቀርቶ ጽሕፈት ቤት ሆናለች። ለመሬታቸው የሚሟገቱ የደን ሰዎችን ያግዛሉ። ደመወዝ የለም፣ ሻዩ የኔ ነው።

ሶፋዬ ላይ ደግሞ እንግዳ ተኝቷል፤ ምዜ ኪፕቶ፣ ከዚያው ደን የመጣ ንብ አናቢ። እዚህ ሽማግሌን ሁሉ ምዜ ይሉታል፤ አንዱ ሲጠራ ሁለታችንም ዞር እንላለን። የደን ጠባቂዎች "ደን ታጠፋላችሁ" ብለው የእሱንና የወገኖቹን ጎጆ አቃጥለዋል። ቀፎ የሚሰቅል ሰው ዛፍ ሲያጠፋ ማን አይቷል? የቀሯቸው ቀፎ የተሰቀለባቸው ዛፎች ብቻ ናቸው። እያንዳንዱ ዛፍ ከአባት ለልጅ ይወረሳል። ዓርብ ዳኛ ደኑ ድረስ ሄደው ሰዎቹ እውነት እዚያ ኖረው እንደሆነ በዓይናቸው ያያሉ። ልጆቹ ታዲያ ዛፎቹን ቀይ ሊቀቡ ነው፤ ዳኛው ከሩቅ እንዲለዩዋቸው።

"ማርህ ከወሬህ ያንሳል" አልኩት ምዜን በተሰባበረው ስዋሂሊዬ።

"አንተ አገርህን ጥለህ በረንዳ የምትጠብቅ ሰውዬ" አለኝ። ወደድኩት።

ሜሮንን ስለ ቀለሙ ነገርኳት። አዲስ አበባ ሳለሁ የቀበሌ ሰዎች አጥሬን ቀይ ቀብተው ሄዱ፤ ቀጥሎ የመጣው ዶዘር ነው። የተቀባ ነገር ይፈርሳል አልኳት።

"አባባ፣ ጆክ አይጀምሩ፣ ፕሊዝ።"

ባለፈው ሳምንት "ፖሊስ በር ላይ ነው" ብያቸው ሁሉም ላፕቶፑን ታቅፎ ባኞ ቤት ታጭቆ ነበር። ከውጭ ቆልፌባቸው ሻዬን ጠጣሁ። ከዚያ ወዲህ ቃሌ ዋጋ የለውም።

ማክሰኞ

ሄዱ፤ ምዜም አብሮ። የምነካካው ሰው አጣሁ። ወርጄ ዘበኛውን "ጫማህ የሴት ነው" አልኩት። አልተቀየመም። እንዲህ ያለ ሰው ምን ያደርጋል።

ጉልበቴ ዛሬም አላስቀምጥ አለኝ። ቅባቱ እያለቀ ነው።

ረቡዕ

ልጆቹ በማታቱ ሚኒባስ ተመለሱ፣ ጥፍራቸው ሁሉ ቀይ። ምዜ እዚያው ቀርቷል። ሜሮን ፎቶ አሳየችኝ። ግንዱ ሁሉ ወገቡ ላይ ቀይ መቀነት ታጥቋል። ያምራል፣ አልዋሽም።

"አዩ? ከመንገድ ይታያል" አለች።

"ለማን?" አልኳት።

ሶፋው ላይ ጋደም እንዳለች እንቅልፍ ወሰዳት። አንዱ ፎቶ ላይ ምዜ ቆሟል። ልጆቹ ሁሉ ሲስቁ እሱ ብቻ አልሳቀም።

ሐሙስ

ቆረጧቸው።

ጠዋት ስልክ ተደወለ። የደን ጠባቂዎቹ የሞተር መጋዝ ይዘው ገብተው መቀነት ያለውን ሁሉ ጣሉት። ሌላውን አልነኩም። አንደኛው ምዜን "ስለመረጣችሁልን እናመሰግናለን" ብሎታል። ቀፎዎቹ ተፈረካክሰዋል፤ ማሩ ጭቃ ውስጥ ነው። ንቦቹ ጉቶው ላይ ሰፍረው አንሄድም ብለዋል።

አንዱ ልጅ ጥፍሩን በቢላ ይፍቅ ጀመር።

"ነግሬያችሁ ነበር" አልኩ። መዋጥ እችል ነበር፣ አልዋጥኩትም። እውነቱን ልጻፍና ጣፈጠኝ። ከዚያ ሜሮን ፊቷን በሹራቧ ሸፍና "አዎ አባባ፣ ነግረውን ነበር" ስትል መረረኝ።

ከሰዓት ምዜ ደውሎ ከእኔ ጋር አገናኙኝ አለ። ለልጆቹ ያላሳያቸው አንድ ዛፍ አለ፤ የአባቱ፣ ደኑ መሃል።

"ልጆቻችሁ ወሬ ያበዛሉ ብዬ ደበቅኩት" አለኝ። "ለዳኛው ካላሳየሁ ምንም የለኝም። ካሳየሁ ጠባቂዎቹም ያውቁታል። ምን ላድርግ? ዛሬ እንኳ አትቀልድብኝ።"

አልቀለድኩም። ቤቴ የፈረሰ ዕለት ወንበር አውጥቼ ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ፤ በሽማግሌ ላይ ዶዘር አይነዱም ብዬ። እውነትም አልነዱም። ከነወንበሬ አንስተው አስፋልት ዳር አስቀመጡኝና ሥራቸውን ቀጠሉ። ጎረቤት ሳቀ። እኔም ብሆን እስቅ ነበር።

ይህንን ነገርኩትና "አሳያቸው" አልኩት። "ከዚያ ሥሩ ተቀመጥ፣ አትነሳ። ወንበር ላይ ግን እንዳትቀመጥ።"

ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ።

ልጆቹ ዛሬውኑ ተመልሰው ወደ ደኑ ሄዱ። ማንም ቀለም አልያዘም።

ዓርብ

ሜሮን ከደኑ ደወለች። ዳኛው መጡ። የጠባቂዎቹ ወገን ጠበቃ ጉቶዎቹን እያሳየ "ክቡር ዳኛ፣ ይኸው፣ ራሳቸው ምልክት አድርገው ቆረጡት፤ ደን ያጠፋሉ ያልነው ይህንን ነው" አለ። ማስረጃ ብሎም ያወጣው የኛው ልጆች ኢንተርኔት ላይ የለቀቁትን ፎቶ ነው፤ ብሩሽ ይዘው የሚስቁበትን።

ምዜ ዳኛውን እስከ አባቱ ዛፍ ድረስ ወሰዳቸው። ሥሩ መሃል መሬት ላይ ተቀመጠና ዛፉን ያወረሱትን አባቶች በስም ቆጠረ። ጠበቃው "አንድ ዛፍ ቤት አይሆንም" አለ። ዳኛው አንጋጠው ንቦቹን ረጅም ጊዜ አዩ። ፍርዱን ለሌላ ጊዜ ቀጠሩ፤ እስከዚያ ይህንን ዛፍ ማንም እንዳይነካ አሉ።

ዳኛው ሄደዋል። ጠባቂዎቹ ግን አልሄዱም፤ መጋዛቸውን ሣር ላይ አጋድመው ፈንጠር ብለው ተቀምጠዋል። ምዜም ከሥሩ አልተነሳም።

"ምዜ ‹ያ ባለወንበሩ ሰውዬ እስከ መቼ ተቀመጥ ነው የሚለኝ?› ብሎ ይጠይቅዎታል" አለች ሜሮን።

ምላሴ ላይ ቀልድ ነበረኝ፣ ጥሩ ቀልድ።

"ነገ በመጀመሪያው ማታቱ እመጣለሁ፤ አጠገቡ ቦታ ይያዝልኝ በዪው" አልኳት።

ሳቀች። በዚህ ሁለት ቀን ስትስቅ ገና መስማቴ ነው። "አባባ፣ የእርስዎ ቀልድ መቼም አያልቅ" ብላ ስልኩን ዘጋችው።

የጉልበት ቅባቴንና ሁለት ሹራብ ቦርሳ ውስጥ ከትቻለሁ። ወንበር አልያዝኩም።