ያልተቀጠርኩበትን ሥራ እንድለቅ ስለመጠየቅ

ለክቡር አቶ ዒጋል፣
የመረጃ ቴክኖሎጂ የሥራ ሂደት ባለቤት፣
ጅግጅጋ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የከተማችን አቧራ ለማይደርስበት ለአዲሱ ቢሮዎ ሰላምታዬ ይድረስ። የእርስዎ ጤና፣ የቤተሰብዎ ጤና፣ በተለይም የሰርቨርዎ ጤና እንደምን ሰንብቷል? እኔ በፍርድ ቤቱ በር ላይ ለባለጉዳዮች ማመልከቻ እየጻፍኩ የምተዳደረው ንጋቷ ከአንድ ጉዳይ በስተቀር ደኅና ነኝ።

በታኅሣሥ ወር መሥሪያ ቤትዎ ካስወገዳቸው ኮምፒውተሮች አንዱን በጨረታ ገዛሁ። የሠራተኞችን መግቢያና መውጫ ሰዓት የሚመዘግበው ፕሮግራም ከውስጡ ሳይነሳ ቀርቶ ኖሮ፣ ገና ስከፍተው ስሜን ጠየቀኝ፤ እኔም በጨዋነት «ንጋቷ» ብዬ ጻፍኩ። እስከ መጋቢት በሰላም ኖርን። በመጋቢት ወደ አዲሱ ሕንፃ ስትዛወሩና ኔትወርካችሁን ስትቀይሩ ግን ፕሮግራሙ ሰርቨሩን አጣው፤ እኔም ከሥራ የቀረሁ መሰለው። ስለዚህ የሚከተሉትን ምስጋናዎች በአክብሮት አቀርባለሁ።

1ኛ/ ፕሮግራሙን ላጠፋ ስሞክር «ከሰርቨሩ ፈቃድ ያስፈልጋል» ይላል፤ ፈቃድ ስጠይቅ «ሰርቨሩ አልተገኘም» ይላል። ፋይሉን በእጄ ስሰርዘው በማግስቱ ጠዋት ተመልሶ «እንደምን አደሩ ወ/ሮ ንጋቷ፣ አርፍደዋል» ይለኛል። ፎርማት እንዳላደርገው የባለጉዳዮቼ ሰነድ ሁሉ ውስጡ ነው፤ ወደ ፍላሽ ልገለብጥ ስል ደግሞ የመሥሪያ ቤቱን ምስጢር ለመጠበቅ ሲል ይከለክለኛል። እንዲህ ያለ ታማኝ ሠራተኛ ስላፈሩ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

2ኛ/ ሰኔ መግቢያ ላይ፣ ከቀብሪበያ የመጡት ወ/ሮ ደሃቦ በቤታቸው ይዞታ ላይ ይግባኝ የሚያስገቡበት የመጨረሻው ቀን ነበር። ሰባት ገጽ ጽፌ፣ አትሜ ሰጠኋቸው። ብዙም ሳይቆዩ ወረቀቱን እንደያዙ ተመለሱ። በየገጹ ግርጌ «ይህች ሠራተኛ ያለ ፈቃድ ከሥራ ገበታዋ ቀርታለች» የሚል ታትሞበት፣ መዝገብ ቤቱ አልቀበልም ብሏቸዋል።

«ወላሂ፣ እኔ የመንግሥት ሥራ ገብቼ አላውቅም፤ ከምኑ ነው የቀረሁት?» አሉኝ። ዕንባቸው ደርሶ ነበር። ሰባቱንም ገጽ በእስክሪብቶ ገለበጥኩላቸው፤ መዝገብ ቤቱ ሊዘጋ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ተቀበሏቸው። ለዚህኛው የምስጋና ቃል አላገኘሁለትም።

3ኛ/ በማግስቱ ኮምፒውተሩን ተሸክሜ ቢሮዎ ድረስ መጣሁ። ባለሙያዎ ዘካሪያ፣ ትሑት ሰው ነው፣ ከአዲሱ ኔትወርክ ጋር አገናኘውና «እህቴ፣ ሰርቨሩን አገኘው!» አለ። ሁለታችንም ደስ አለን። ከዚያ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብሎ ደግሞ አነበበ።

«ምነው?»

«ሠራተኛዋ ካልተሰናበተች አይነሳም ይላል።»

«እንግዲያው አሰናብቱኛ!»

«ያልተቀጠረ ሰው እንዴት ይሰናበታል?»

እኛ ይህን ስንነጋገር ፕሮግራሙ የሦስት ወር ቀሪዬን ሰርቨሩ ላይ አራግፎ ጨርሷል። በሳምንቱ «ወ/ሮ ንጋቷ በአሥር ቀን ውስጥ ቀርበው ካላመለከቱ ከሥራ ይሰናበታሉ» የሚል ማስታወቂያ በሰሌዳችሁ ላይ ወጣ። በዕድሜዬ እንዲህ ያስደሰተኝ ማስጠንቀቂያ የለም። ድንገት ያየኝ ሰው ቀርባለች እንዳይል፣ አሥሩን ቀን ሙሉ በቢሮዎ በኩል ላለማለፍ መንገድ ስቀይር ሰነበትኩ።

በአሥራ አንደኛው ቀን የዲሲፕሊን ኮሚቴዎ ተሰብስቦ፣ ጥፋቴ የመጀመሪያ መሆኑንና ከባልደረቦቼ ከአንዳቸውም ጋር ተጣልቼ አለማወቄን ከግምት በማስገባት፣ በምሕረት አለፈኝ።

ክቡር ሆይ፣ ምሕረትዎ በዝቶብኛል። ኮምፒውተሩን በጨርቅ ሸፍኜ ባለጉዳዮቼን በእጅ ጽሑፍ እያስተናገድኩ ነው፤ ይግባኝ ቀኑ የደረሰበት ሰው በመጣ ቁጥር መዝገብ ቤቱ እስኪዘጋ የቀረውን ደቂቃ እቆጥራለሁ። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጥፋቴን አክብደው ይመልከቱልኝና ያባርሩኝ።

መቀጠሯን ሳትሰማ ስንብቷን በጉጉት የምትጠባበቀው፣ ዘወትር ቀሪ የሆነችው ታዛዥ ሠራተኛዎ፣

ንጋቷ
ሐምሌ 2008 ዓ.ም.

ድኅረ ጽሑፍ፦ ፖስታውን ልዘጋ ስል ዘካሪያ መጥቶ የዓመቱ የሥራ አፈጻጸም ምዘና መውጣቱን ነገረኝ። ከአርባ ሁለት ሠራተኞች ሦስተኛ ወጥቻለሁ። ከእኔ የበለጡት ሁለቱ በሥራ ሰዓት የት እንደሚውሉ ቢጠቁሙኝ፣ ሱቃቸው ድረስ ሄጄ እንኳን ደስ አላችሁ እላቸው ነበር።