የግቢው ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ሳለ

ለምወድሽ ለእታለም፣

እንደምን ከርመሻል? ያ ጉልበትሽ እንዴት ሆነ፣ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ይይዝሻል? የባለቤትሽ ሳልስ ለቀቀው? እንቅልፍሽስ? ልጆቹስ ይሰሙሻል ወይስ እንደ ድሮው ጆሮ ዳባ ልበስ ነው? እኛ በጤና በኩል ተመስገን ነው። ሚጣ ቁመት ጨምራለች፣ ምላስም ጨምራለች። ማሙሽ መዳህ ጀምሮ ቤቱን በሆዱ እየጠረገልን ነው። በሰላም በኩል ግን ቤታችን እንደነበረው አይደለም፤ የምጽፍልሽም እሱን ነው።

እንደምታውቂው ባለቤቴ የወሊድ ፈቃዷ ሲያልቅ ወደ ልብስ ስፌት ፋብሪካዋ ተመለሰች። እኔም ቀኑን ሙሉ መጋዘን ውስጥ የሰው ዕቃ ስቆጥር ነው የምውለው። ስለዚህ ልጆቹን የምትይዝ ሞግዚት ቀጠርን፤ ጠዋት መጥታ ማታ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ሰው አክባሪ ናት፣ ንጹሕ ናት፣ ስትናገር ቀስ ብላ ነው። እኔ ግን ታውቂኛለሽ፣ በመጀመሪያው ቀን ትእዛዜን ጽፌ ወጥ ቤቱ በር ላይ ለጠፍኩላት። አንደኛ፣ ልጅ እሳት ጋ አይቅረብ። ሁለተኛ፣ ለማንም በር አይከፈት። ሦስተኛ፣ ማሙሽ ሳንባውን ታሞ ስለነበር ከግቢ አይውጣ። ሌላም ሌላም አለው። "እሺ ጋሼ" አለችኝ። እሺታዋ ቶሎ መምጣቱ ራሱ አላማረኝም።

ከዚያ ነገሩ አልገጥም ይለኝ ጀመር። ማታ ስገባ የወተቱ ጠርሙስ እንደሞላ ነው፣ የልጁ ጉንጭ ግን በየቀኑ ይሞላል። ምን እየበላ? የሕፃኑ ጋሪ ጎማ ላይ ጭቃ አለ፤ ግቢያችን ደግሞ ሲሚንቶ ነው። ማሙሽ ፀጉር ውስጥ የክር ቁርጥራጭ አገኘሁ፣ አንድ ቀን ቀይ፣ ሌላ ቀን ሰማያዊ። በኛ ሰዓት የሰው ልብስ እየሰፋች ነው አልኩ። ሚጣን "ዛሬ የት ዋላችሁ?" ስላት አፏን በሁለት እጇ ከድና "አይነገርም" አለችኝ። እስቲ ፍረጂኝ፣ ይሄን የሰማ አባት እንቅልፍ ይወስደዋል?

ባለቤቴን ባማክራት "አንተ ደግሞ ነገር ስታበዛ" ብላ ወደ ግድግዳው ዞረች። የመንገዱን ዳር ባለሱቅ ጠየቅኩት። "ልጆቹን ይዛ ስትወጣ አያታለሁ። ወዴት እንደሆነ እኔ ምን አውቄ፣ ሳሙና ነው የምሸጠው" አለኝ። የመጋዘናችን ሾፌር ደግሞ አፈ ክፉ ነው፤ "አንዳንዶቹ እኮ ሕፃን ለለማኝ ያከራያሉ። ግን አይዞህ፣ ወፍራም ልጅ ገንዘብ አያስገኝም፣ ያንተን ይመልሱታል" ብሎ ሳቀብኝ። እሱ ቀልዱን ጥሎ መኪናውን አስነስቶ ሄደ፤ ነገሩ ግን እኔ ሆድ ውስጥ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ልጅ ያቀፈች ለማኝ ባየሁ ቁጥር ጎንበስ ብዬ የልጁን ፊት አያለሁ።

ያደረግኩትን ልንገርሽ፣ አትቆጪ። ባለፈው ሐሙስ ጓጉንቸር ገዛሁና ጠዋት ስወጣ የግቢውን በር ከውጭ ቆለፍኩት። ለማንም አልተናገርኩም። ቁልፉን ኪሴ ከትቼ፣ ዛሬ እንኳ ልጆቼ የት እንዳሉ አውቃለሁ ብዬ፣ ልቤ አርፎ ሥራዬን ያዝኩ። ምሳ ሰዓት ላይ ባለሱቁ ደወለ። "ሰውዬ፣ በርህ ላይ ሰው ተሰብስቧል፣ ና" ብሎ ዘጋው።

እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። በራችን ከወገብ በላይ የብረት ፍርግርግ ነው። ባለቤቴ የሥራ ሽርጧን እንዳደረገች፣ ክር በክር ሆና፣ ከውጭ ብረቱ ላይ ተለጥፋ ቆማለች። ሞግዚቷ ከውስጥ በርጩማ ላይ ወጥታ ማሙሽን አስጠግታ ይዛዋለች። ልጄ በብረቱ መሀል ጡት ይጠባል። ሰፈሩ እኔን ያያል፣ እኔ ኪሴን እዳብሳለሁ። ባለቤቴ "ክፈት" አለች፣ ሌላ ቃል አልጨመረችም። ሞግዚቷ ግን እንደ ልማዷ ቀስ ብላ "ጋሼ፣ እሳት ቢነሳ በየት ላወጣቸው ነበር?" አለችኝ። ቁልፉን አውጥቼ ከፈትኩ።

ማሙሽ ለካ ጠርሙስ እንቢ ብሎ ኖሯል። ሁለቱ ተማክረው፣ ሞግዚቷ በየቀኑ በምሳ ሰዓት ልጆቹን ወደ ፋብሪካው አጥር ትወስዳለች፣ ባለቤቴ ወጥታ አጥብታው ትመለሳለች። ሞግዚቷ ያን ቀን በሩ መቆለፉን ስታይም የደወለችው ለኔ ሳይሆን ለባለቤቴ ነው፣ ልብ በይ። "ለምን አልነገርሽኝም?" ብላት ባለቤቴ "ብነግርህ ሌላ ወረቀት ትለጥፋለህ፤ ልጁ ደግሞ ወረቀት አይጠባም" አለችኝ።

አሁን አንቺን ልጠይቅሽ። ባለፈው ስልክ ላይ "ሴቶቹን ተዋቸው፣ ያውቁበታል" ያልሽኝ እንዲያው ነው ወይስ ነግረውሽ ነበር? እውነቱን ጻፊልኝ። ጥፋቴን አላጣሁትም፣ ጥርጣሬው ግን አልለቀቀኝም። ደግ ነገር እንዲህ አድርገው መደበቅ ከቻሉ፣ ክፉ ቢሆን ኖሮ በምን አውቅ ነበር?

ሞግዚቷ በማግስቱ "ሰው ፈልጉ" አለች። ባለቤቴ ደግሞ "እሷ ከሄደች እኔም ሥራዬን እተዋለሁ" ብላ ቁርጡን ነገረችኝ። በኔ ደሞዝ ብቻ አራት ሰው እንደማይኖር አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ማሙሽም ከሞግዚቷ እጅ ሲወርድ እሪ ነው። ስለዚህ ትናንት ማታ ከመሄዷ በፊት ራሴ ለመንኳት። "ይቅርታውንስ ተቀብያለሁ ጋሼ፣ ዓይንዎን ነው ያልቻልኩት" አለችኝ። "ነገ እንደ ልማዴ ይዣቸው እወጣለሁ። ከኋላዬ ካልመጡ፣ ሰው ካልላኩ፣ ካልደወሉ እቆያለሁ። ከመጡ ግን ልጆቹን ለእናታቸው ሰጥቼ ከዚያው ወደ ቤቴ ነኝ።" እሺ አልኳት።

ነገ ያለችው ዛሬ ነው። ይሄን ስጽፍልሽ መንገድ ላይ ናቸው። ዋናውን አስፋልት ማቋረጥ አለባቸው፤ የጋሪው የግራ ጎማ ደግሞ ያነክሳል። ሾፌሩ "በዚያ በኩል ነው የማልፈው፣ ላድርስህ?" ብሎኝ ከወንበሬ ተነስቼ በር ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ስልኬን ለጸሐፊያችን ሰጥቼ "ብለምንሽም እንዳትሰጪኝ" ብያታለሁ። እግሬን የያዘልኝ ይሄ ወረቀት ነው፤ እንግዲህ ሰላምታው ቢረዝም ታገሺኝ።

ለባለቤትሽ እንደምን ነህ በይልኝ፣ ብርድ ላይ አይቀመጥ። ለትልቁ ልጅሽ፣ መንጃ ፈቃዱን በማግኘቱ እንኳን ደስ ያለህ በይልኝ፤ ጋሪ የምትገፋ ሴት ካየ ግን ከሩቁ ይቁም። ለትንሿ፣ ሚጣ ሥዕል እየሣለችላት ነው። ለአማትሽ፣ የዓይናቸው ሕክምና እንዴት ሆነ? ለጎረቤትሽ ለጡረተኛው መምህር፣ ለሚስቱም፣ ውሻቸው በሕይወት ካለ ለሱም።

የፋብሪካው ጥሩንባ እዚህ ድረስ ይሰማል። ሲነፋ ባለቤቴ ወደ ስፌት መኪናዋ ትመለሳለች፣ እነሱም ወደ ቤት ይነሳሉ። ገና አልነፋም። ሰላምታ የረሳሁት ሰው ይኖር እንደሆነ እያሰብኩ ነው።

ወንድምሽ
ከመጋዘኑ፣ ጠረጴዛዬ ላይ ሆኜ
ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18 ቀን፣ ምሳ ሰዓት