ልጄ የፈታችልኝ ቃል

ጥቅምት 4
በሩ ፊት ያለውን ጽጌረዳ ገረዝኩ። እሾህ አውራ ጣቴን ወጋኝ። ሌላ ወሬ የለም።

ጥቅምት 9
አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ሰብስቦን በእንግሊዝኛ ሲናገር ዋለ። እኛ አትክልተኞች ከኋላ ቆመን... "ዊድ አውት" ይላል ደጋግሞ። ወደ እኛ አየ ልበል?

ልጄ ቤት ስትገባ ጠየቅኳት። እዚያው ድርጅት፣ አስተዳደር ክፍል ጸሐፊ ናት።

"አረም መንቀል ማለት ነው አባዬ።" ጫማዋን እየፈታች። ቀና አላለችም።

"ለአረም ነው ይሄ ሁሉ ስብሰባ?"

"ግቢው ዳዋ በላው ማለቱ ይሆናል።"

ዳዋ! አሥራ ዘጠኝ ዓመት እኔ ያለሁበትን ግቢ? ሲከነክነኝ አደረ።

ጥቅምት 12
ሦስት ቀን ጎንበስ እንዳልኩ። ከመጋዘኑ ጀርባ እንኳ አንዲት ሙጃ አላስተረፍኩም። ወገቤ የኔ አይደለም። ሥራ አስኪያጁ በመኪና ሲያልፍ ኮፍያዬን አነሳሁለት። እጁን አወዛወዘልኝ። አየው ማለት ነው... ደስ አለኝ።

ጥቅምት 20
ደብዳቤ ታደለ። ለአሥራ አንድ ሰው። አትክልተኞች በሙሉ አለንበት። "የሠራተኛ ቅነሳ" ይላል። ግርጌው ላይ የጻፈችው ጸሐፊ የስም ምልክት አለ። የልጄ።

ጥቅምት 21
መዝገበ ቃላቷን አወረድኩ። ፊደል በፊደል እየለቀምኩ አገኘሁት። ሁለት ፍቺ አለው። አንዱ አረም መንቀል። ሌላው፣ የማይፈለጉ ሰዎችን ለይቶ ማስወጣት።

ለካ አልዋሸችኝም። ግማሹን ነው የነገረችኝ።

"ታውቂ ነበር?"

"ዝርዝሩን የጻፍኩት ከስብሰባው በፊት ነው።"

"እና ሦስት ቀን ሙሉ በቢሮሽ መስኮት ስታዪኝ..."

አለቀሰች። "ምን ብዬ ልንገርህ አባዬ? እኔንም ያባርሩኝ ነበር!"

እውነቷን ነው፣ ያባርሯታል። ግን "ዛሬ እንኳ አረፍ በል" ማለት ምን ያስፈራል?

ኅዳር 3
አንድ ገበታ እንቀርባለን። ጨው ስትፈልግ አቀብለኝ አትልም፤ ዞራ ታነሳለች።

ኅዳር 17
ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ መንገድ ላይ አቆመችኝ። "እንኳን ደስ አለዎ ጋሼ! ልጅዎ የክፍሉ ኃላፊ ሆነች አሉ። ሳምንት አለፋት አይደል?"

ሳምንት...

"እንኳን አብሮ ደስ አለን" አልኩ። ሌላ ምን ይባላል?

ራት አቅርቤ ጠበቅኳት። ገባች፣ ታጠበች፣ በላች። አልነገረችኝም። እኔም አልጠየቅኳትም።