ለአሥር ዓመት ሳይደርስ የቆየው ደብዳቤና የዶ/ር ሸዋንዳኝ ጉግሳ ዕረፍት

ከኩልፎ የሐይቆችና የአካባቢ ጥናት ድኅረ ምረቃ ተቋም የተሰጠ የሀዘን መግለጫ
አርባ ምንጭ፣ ጥር 25 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተቋማችን ሠራተኞች፣ ለቀድሞና ለአሁን ተማሪዎቻችን፣ እንዲሁም ለከተማችን ነዋሪዎች በሙሉ፤

የተቋማችን መምህርና ለብዙ ዓመታት የዶክትሬት እጩነት ኮሚቴ ሰብሳቢ የነበሩት ዶ/ር ሸዋንዳኝ ጉግሳ ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጥር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ71 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ሥርዓተ ቀብራቸውም በማግስቱ፣ በከተራ ዕለት ጠዋት፣ ወዳጅ ዘመዶቻቸውና ተማሪዎቻቸው በተገኙበት እዚሁ አርባ ምንጭ ተፈጽሟል። ተቋማችን በዕረፍታቸው የተሰማው ሀዘን ጥልቅ ነው።

ይህ መግለጫ በቀብሩ ዕለት መውጣት ነበረበት፤ ዘግይቷል። የዘገየበትን ምክንያት ከዚህ በታች እንገልጻለን። የምንገልጸው ቀላል ሆኖልን አይደለም።

ዶ/ር ሸዋንዳኝ በሰሜን ሸዋ ተወልደው ያደጉ ሲሆን፣ በ1979 ዓ.ም. በወጣትነታቸው ለሥራ ወደ አርባ ምንጭ መጥተው በዚያው ቀርተዋል።

ከ1988 እስከ 1996 ዓ.ም. የአባያ ሐይቅን የውሃ ከፍታ በየሳምንቱ እየለኩ መዝግበዋል። መዝገቡ ዛሬም ለተማሪዎቻችን የመጀመሪያ ማጣቀሻ ነው።

በ2000 ዓ.ም. የእጩነት ኮሚቴው ሰብሳቢ ሆኑ። ጡረታ ከወጡ በኋላም በኮንትራት ተቀጥረው እስከ 2014 ዓ.ም. በዚሁ ኃላፊነት አገልግለዋል።

ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ማንም ሳያዛቸው፣ ኮሚቴው ለተማሪ የሚጽፈውን እያንዳንዱን ደብዳቤ ራሳቸው ማድረስ ጀመሩ። በኩልፎ ወንዝ ዳር ባሉት የሙዝ እርሻዎች መካከል በእግራቸው እየሄዱ፣ አንዳንዴም በጋሪ፣ ተማሪው ካለበት ቤት ድረስ ወስደው በመረከቢያ ደብተር ላይ ያስፈርሙ ነበር። እኛ ይህን የእርጅና አመል አድርገን ተመልክተነው፣ አልፎ አልፎም ቀልደንበት ነበር። አመል አልነበረም።

በተቋማችን አንድ የዶክትሬት ተማሪ እጩ ለመባል በመጀመሪያ ኮርሶቹን ይጨርሳል፤ ቀጥሎ ጠቅላላውን የጽሑፍ ፈተና ያልፋል፤ በመጨረሻ ደግሞ የምርምር ንድፉን አምስት አባላት ባሉት ኮሚቴ ፊት ያስረዳል። ኮሚቴው ንድፉን ካልተቀበለው ተማሪው በስድስት ወር ውስጥ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ እንደገና የመቅረብ መብት አለው። ስድስቱ ወር የሚቆጠረው ውሳኔውን የሚገልጸው ደብዳቤ በመዝገብ ቤት ወጪ ከሆነበት ቀን ጀምሮ ነው። ተማሪው ሳይቀርብ ጊዜው ካለፈ ከተማሪነት ይሰረዛል።

ጥር 14 ቀን 2008 ዓ.ም. የኦቾሎ ተወላጅ የሆኑት ተማሪ ወ/ሮ ሊሻን ሽመክት በዚህ ኮሚቴ ፊት ቀረቡ። ንድፋቸው የሚነሳው ከኦቾሎ ጉብታ ላይ ሐይቁን ቁልቁል እያዩ ካረጁ ሽማግሌዎች ቃል ነበር። ሽማግሌዎቹ አባያ በአንድ ዘመን ሞልቶ ከዳርቻው ርቆ እስከሚገኘው ትልቅ ሾላ ድረስ መጥቶ እንደነበር፣ ተመልሶም እንደሚመጣ ይናገራሉ። ኮሚቴው ሦስት ለሁለት በሆነ ድምፅ ንድፉን አልተቀበለውም። ሦስተኛው ድምፅ የዶ/ር ሸዋንዳኝ ነበር። የሽማግሌ ትዝታ ልኬት አይደለም ማለታቸው በቃለ ጉባኤው ሰፍሯል።

ደብዳቤው በዚያው ዕለት ተጽፎ፣ ቁጥርና ማኅተም አግኝቶ፣ በወጪ መዝገብ ገባ። የመዝገብ ቤቷ ኃላፊ ወ/ሮ የሺመቤት ሊልኩት ሲሉ ግን ዶ/ር ሸዋንዳኝ አንዲት ቃል አስተካክለው እንደሚመልሱት ነግረዋቸው ወሰዱት። ቃሉ «ወድቀዋል» የሚለው ነበር። በቀይ እስክሪብቶ ሰርዘው «ለጊዜው አላለፉም» ብለው ጻፉበት። ከዚያ ለመስክ ሥራ ሲጣደፉ ወረቀቱን በአንድ መጽሐፍ መሐል አኖሩት፤ ረሱትም። ያገኙት ነሐሴ ላይ ቢሯቸውን ሲቀይሩ ነው። ስድስቱ ወር ሐምሌ 14 ቀን አልፎ ነበር።

በዚያን ጊዜ የወ/ሮ ሊሻን ፋይል ተዘግቶ ነበር። በፋይሉ ላይ የተጻፈው «በራሳቸው ፈቃድ አቋርጠዋል» የሚል ነው።

ዶ/ር ሸዋንዳኝ የሆነውን ሁሉ በነሐሴ ወር ለሥራ አመራሩ በቃል አስረዱ። ደብዳቤው በመዝገቡ ላይ ወጪ ስለሆነ እንደ ደረሰ ይቆጠራል ተባሉ። ጥር 14 ቀን 2009 ዓ.ም. በጽሑፍ አመለከቱ። በዓመቱም በዚያው ቀን አመለከቱ፤ በዓመቱም እንዲሁ። እስከ 2017 ዓ.ም. ድረስ ዘጠኝ ደብዳቤ ጻፉልን። በዘጠኙም ኅዳግ ላይ በእኛው እጅ «ከፋይል ጋር ይያያዝ» ተብሎ ተጽፏል። ለአንዱም መልስ አልሰጠንም።

በ2013 ዓ.ም. አባያ ሞልቶ ከሾላው ሥር ደረሰ። ዶ/ር ሸዋንዳኝ ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ዳርቻው እየወረዱ ውሃው ውስጥ የቆመውን ዛፍ ሲያዩ ይውሉ እንደነበር የሐይቁ ዓሣ አስጋሪዎች ነግረውናል። መለኪያ ይዘው አያውቁም ነበር።

ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ጠዋት፣ ካረፉ በአምስተኛው ቀን፣ አሥረኛው ደብዳቤ መዝገብ ቤት ደረሰ። ያመጡት ባለቤታቸው ወ/ሮ መቅደስ ናቸው፤ ሟች ሆስፒታል ተኝተው ሳሉ ፈርመው፣ ቀኑን ጠብቀው እንዲያደርሱላቸው አደራ ብለዋቸው ነበር። በየዓመቱ የ2008ቱ ደብዳቤ ቅጂ ብቻ ይያያዝ ነበር፤ በዚህኛው ላይ ግን ዋናው ወረቀት፣ ቀዩ እርማት ያለበት፣ ጠርዙ ቢጫ የሆነው፣ ተያይዟል። ከደብዳቤው ይህን እንጠቅሳለን፦

«የምጠይቀው ይቅርታ አይደለም። ይህ ወረቀት ወደ ባለቤቱ እንዲሄድ ነው። እኔ ልወስደው እችል ነበር፤ ሁለት ጊዜም ዳገቱን ጀምሬ ተመልሻለሁ። ተቋሙ ካላመነበት ግን ከእጄ የሚደርሳት የሽማግሌ ጸጸት እንጂ መብቷ አይደለም።»

የተቋሙ ጉባኤ ጥር 18 ቀን ተሰብስቦ «በራሳቸው ፈቃድ አቋርጠዋል» የሚለው እንዲሰረዝ፣ ጥፋቱ የተቋሙ መሆኑ በፋይሉ ላይ እንዲጻፍ፣ ስድስቱ ወርም ወ/ሮ ሊሻን ደብዳቤውን በእጃቸው ከተቀበሉበት ቀን ጀምሮ እንዲቆጠር ወስኗል። ውሳኔው አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። አሥር ዓመት የጠበቀው ይህ ነበር።

ጥር 20 ቀን የተቋሙ ዳይሬክተርና ወ/ሮ የሺመቤት የመረከቢያ ደብተሩን ይዘው ኦቾሎ ወጡ። ወ/ሮ ሊሻን በዚያ በመምህርነት እያገለገሉ ይገኛሉ። በእንዲህ ያለ መግለጫ የሰው ንግግር ማስገባት ልማዳችን አይደለም፤ ሆኖም ይህን አሳጥረን ለማቅረብ መብቱ ያለን አይመስለንም። ወ/ሮ ሊሻን ወረቀቱን አንብበው እንዲህ አሉ፦

«ያኔ ሁለት ጊዜ ደወልኩ። ወጥቷል አሉኝ። ወጥቷል ካሉ መንገድ ላይ ነው ብዬ ጠበቅኩ። ከትምህርት ቤት ስወጣ መኪና የሚቆምበት ጋ እየሄድኩ፣ የላኩልኝ ነገር አለ ወይ ስል ዓመት አለፈ። በኋላ አባቴ ከሽመና ጉድጓዱ ቀና ብሎ፣ ልጄ ተይው፣ አልፈለጉሽም አለኝ። ይህንን እንዳመነ ነው የሞተው። አሁን እናንተ መጣችሁ። አባቴን ማን ይነግረዋል?»

የቀዩን እርማት ነገርና የዶ/ር ሸዋንዳኝን ማረፍ ነገርናቸው። እሳቸውም፣ «ቃሏ እኮ ምንም አልነበረችም። ወድቀሻል ቢሉኝም ተነስቼ እመጣ ነበር» አሉ። ደብተሩ ላይ ፈርመው ወደ ክፍላቸው ተመለሱ። እንደገና ይቅረቡ አይቅረቡ አልነገሩንም፤ እኛም አልጠየቅንም።

ቀኑ እስከ ሐምሌ 20 ክፍት ነው። የኮሚቴው የስብሰባ ክፍል ባለበት አለ፤ ከ2014 ወዲህ የዶ/ር ሸዋንዳኝን ወንበር ያነሳው ወይም የተቀመጠበት ሰው የለም። ደብዳቤ በፈረምን ቁጥር «ደርሷል ወይ?» የሚለው ድምፃቸው ከጆሯችን አልወጣም። የኦቾሎ መኪና በገባ ቁጥር ወ/ሮ የሺመቤት ወደ በሩ ይመለከታሉ። አሁን ደብዳቤ የምንጠብቀው እኛ ነን።

ለባለቤታቸው ለወ/ሮ መቅደስ፣ ለልጆቻቸው፣ ለሥራ ባልደረቦቻቸውና ደብዳቤያቸውን ከእጃቸው ለተቀበሉ ተማሪዎች ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። የዶ/ር ሸዋንዳኝን ነፍስ ፈጣሪ ያሳርፍልን፤ በሕይወት ሳሉ እኛ አላሳረፍናቸውም። ለወ/ሮ ሊሻንም፣ ስለ አባታቸው ስለ አቶ ሽመክት፣ የዘገየ ሀዘናችንን እንገልጻለን።

የኩልፎ የሐይቆችና የአካባቢ ጥናት ድኅረ ምረቃ ተቋም

ግልባጭ፦
ለወ/ሮ መቅደስ፣ አርባ ምንጭ
ለወ/ሮ ሊሻን ሽመክት፣ ኦቾሎ (በእጅ የሚሰጥ)
ለመዝገብ ቤት (ከፋይል ጋር እንዳይያያዝ)